የጋራ የሆነውን ማን ይጠብቀዋል? ከመንዝ ጓሳ እስከ ሰፈራችን ቦኖ



በዚህ እትም የምናቀርበው የኅብረተሰብ ትምህርት ስለ ጋራ ሀብት ነው። የጋራ ሀብት ስንል አንድ ሰው ብቻውን «የኔ ነው» ሊለው የማይችል፣ ብዙዎች ግን በየቀኑ የሚጠቀሙበት ነገር ማለታችን ነው። የግጦሽ መስክ፣ ደን፣ ምንጭ፣ መንገድ፣ የሰፈር ቦኖ ሁሉ የጋራ ሀብት ናቸው። የትምህርታችን ጥያቄ አንድ ነው፦ ባለቤቱ ብዙ የሆነ ነገር ጠባቂው ማን ነው?

1. የምሁራን ክርክር

እ.ኤ.አ. በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ምሁር በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ሐሳቡ በቀላሉ ሲነገር እንዲህ ነው። አሥር ገበሬዎች ከብት የሚያሰማሩበት አንድ መስክ አለ እንበል። ከአሥሩ አንዱ አንድ ላም ቢጨምር ወተቱ በሙሉ የእሱ ነው፤ በሣሩ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ለአሥሩም ይከፋፈላል። ስለዚህ መጨመሩ ያዋጣዋል። ዘጠኙም እንደ እሱ ካሰቡ መስኩ ተራቁቶ ይቀራል። ከዚህ ተነሥቶ ሃርዲን የጋራ ሀብት በመንግሥት ወይም በግለሰብ እጅ ካልገባ መጥፋቱ አይቀርም አለ።

ኤሊኖር ኦስትሮም የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር ግን በዚህ አልተስማሙም። በልዩ ልዩ አገር ሰዎች የጋራ ሀብታቸውን እንዴት እንደያዙ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1990 መጽሐፍ አሳተሙ። ከምሳሌዎቻቸው አንዷ ቶርበል የምትባል የስዊዘርላንድ መንደር ናት። የመንደሯ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1517 በጻፉት ደንብ ማንም ሰው በበረዶው ወራት ቤቱ አስሮ ሊቀልበው ከሚችለው ከብት በላይ ወደ ጋራው ተራራ እንዳያወጣ ከለከሉ። መስኩም ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይጠፋ ቆየ። ኦስትሮም በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት በኢኮኖሚክስ ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። እሳቸው እንዳሳዩት፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ደንብ አውጥተው ራሳቸው ሲጠብቁት የጋራ ሀብት ይቆያል።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ግን እስከ ስዊዘርላንድ መሄድ የለብንም። በአገራችንም አለ።

2. የመንዝ ጓሳ

መንዝ በሰሜን ሸዋ የሚገኝ ውርጭ የበዛበት ደጋ አገር ነው። እዚያ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጓሳ የሚባል ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሰፊ መስክ ይገኛል። ስሙም የሣሩ ስም ነው። የጓሳ ሣር ረጅምና ጠንካራ ስለሆነ ለቤት ክዳን ይሆናል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ ዝናብ የሚከላከል ገሳ ይሠራበታል። ጨረንፌ የተባለው ቁጥቋጦ ደግሞ ለማገዶ ይለቀማል። ድርቅ ሲመጣ መስኩ ለከብት የመጨረሻ መጠጊያ ነው። ከዚያ የሚነሣው ውሃ ከፊሉ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮም ይኖሩበታል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የለም፤ የቀሩትም ለመራባት የደረሱ ከ500 አይበልጡም።

ይህን መስክ የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። (ቃሉ በቅርብ ዓመታት ስለ ወጣቶች ከሚነገረው ቄሮ ጋር አንድ አይደለም።) ባለ ርስቶቹ የአስቦና የጌራ ትውልድ ተብለው በሁለት ይከፈላሉ። በየወገናቸውም አለቃ ይመርጣሉ፤ አለቃውም አባ ቄራ ወይም አፈሮ ይባላል። ሣሩ እስኪደርስ መስኩ ይዘጋል፤ አንዳንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆያል። ሲደርስ የመክፈቻው ቀን ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ ይነገራል። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ቀጥሎ ከብት ይገባል፤ ክረምት ሲመጣ ሁሉም ወጥቶ መስኩ እንደገና ይዘጋል።

ደመወዝተኛ ዘበኛ አልነበረም። አቅም ያለው አባወራ ሁሉ ተራው ሲደርስ ለጥበቃ ይወጣል። ከተራው የቀረ፣ ወይም ሳይከፈት ያጨደ፣ ከባድ ቅጣት ይጠብቀው ነበር።

3. ሥርዓቱ ሲፈርስ ምን ሆነ?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ታወጀ። ቄሮ የተመሠረተው በርስት ላይ ስለነበረ አዋጁ ሲወጣ መሠረቱ ፈረሰ፤ የአባ ቄራው ሥልጣንም አበቃ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። አሮጌው ሥርዓት ሣሩን ጠብቋል፤ ነገር ግን የአስቦ ወይም የጌራ ዘር ያልሆነውን ጎረቤት ከበር ውጭ ያስቀር ነበር። አዲሱ ሕግ ለዚያ ጎረቤት መብት ሰጠው፤ ነገር ግን በጠባቂው ቦታ ሌላ ጠባቂ አልተካም። በዚህም ምክንያት ሣሩ ሳይደርስ ይታጨድ፣ ከብትም ያለ ወቅቱ ይገባ ጀመር። መስኩም ተጎዳ።

ሰዎቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ለቀብርና ለችግር ጊዜ ከሚያውቁት ዕድር ልማድ ተነሥተው በጓሳ ዙሪያ ያሉት የገበሬ ማኅበራት የተወከሉበት ኮሚቴ አቋቋሙ። የመዝጊያና የመክፈቻ ጊዜ፣ ጥበቃና ቅጣት እንደገና ተመለሰ፤ የዘር ልዩነቱ ግን ቀረ። ከ2000 ዓ.ም. በኋላም ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ በሕግ ታወቀ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ጠባቂ የሌለው መብት ሀብቱን ያጠፋዋል። ፍትሕ የሌለው ጥበቃም አንድ ቀን ይፈርሳል። ሁለቱ አብረው መሄድ አለባቸው።

4. ይህ ለቦኗችን ምን ይነግረናል?

የጓሳ ሰዎች አራት ጥያቄ መልሰዋል፦ ማን ይጠቀም? መቼ? ምን ያህል? ያጠፋስ ምን ይሁን? በየሰፈራችን ያሉት የቦኖ በጎ ፈቃደኞችም ቢሆኑ ሥራቸው እነዚህን ጥያቄዎች ማስመለስ ነው።

ማን ይጠቀም? ትናንት ማታ የደረሰ፣ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ጀሪካኑን የት ያሰልፍ? ደንቡ ለእሱ መልስ ከሌለው እንደ ድሮው ቄሮ ሰውን ከበር ውጭ የሚያስቀር ደንብ ነው። ጎረቤቶቻችን የሶማሊያ፣ የደቡብ ሱዳን፣ የኮንጎ ሰዎች ናቸው። በአማርኛ ብቻ የተነገረ ደንብ ለእነሱ ደንብ አይደለም። እዚህ ላይ ከአባቶች ይልቅ ስዋሂሊ የምታውቁ እናንተ ተማሪዎች ትጠቅማላችሁ።

መቼ? ሰዓቱ አስቀድሞ ከታወቀና ተራው ከተከበረ ተማሪ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አያመልጠውም። ወረፋ ይዘው ከትምህርት የሚቀሩት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ልጆች ናቸውና ወላጆች ይህን እንዲያስቡበት እንጠይቃለን።

ምን ያህል? እስቲ እናስላ። 20 ሊትር ጀሪካን በ2 ደቂቃ የሚሞላ ቧንቧ በደቂቃ 10 ሊትር ያወርዳል። ለግማሽ ሰዓት ተከፍቶ ቢረሳ 300 ሊትር ይፈሳል፤ ይህም 15 ጀሪካን ነው። በእርዳታ ድርጅቶች መመዘኛ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በግማሽ ሰዓት መዘናጋት የ20 ሰው የቀን ውሃ መሬት ይጠጣዋል።

ያጠፋስ ምን ይሁን? ቅጣቱ ቀላልና ለሁሉም እኩል ይሁን። ለምሳሌ ቦይ መጥረግ ወይም ወደ ወረፋው መጨረሻ መመለስ ይበቃል። የኮሚቴው አባል ልጅ ሲያጠፋ ከታለፈ ግን ደንቡ በዚያው ቀን ሞተ።

በጎ ፈቃደኛው «ማን ሾመህ?» እየተባለ ሲሰደብ ዝም ብለን የምናይ ከሆነ ሥራው አይዘልቅም። ጥበቃው ሁልጊዜ በአንድ ሰው ላይ ከወደቀ ያ ሰው ወይ ይደክማል፣ ወይ ጌታ ይሆናል። የመንዝ ሰዎች በተራ መጠበቃቸው ስለዚህ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ።

5. የኛ ያልሆነውስ?

የካኩማ ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲቋቋም መሬቱ ባለቤት ነበረው፤ የቱርካና ሕዝብ ነው። አጥር የሌለው ዛፍ ባለቤት የሌለው ይመስለናል። ነገር ግን በቱርካና ልማድ «ኤክዋር» የሚባል መብት አለ፤ በወንዝ ዳር ያለው ዛፍ የየቤተሰቡ ሲሆን ከአባት ወደ ልጅም ይተላለፋል። የግራሩ ፍሬ በደረቁ ወራት የፍየሎቻቸው መኖ ነው። በታራች ወንዝ ዳር አንድ ግራር የቆረጠ ሰው የአንድን ቤተሰብ የበጋ ስንቅ ቆረጠ ማለት ነው። ጠብ የሚነሣው ከዚህ ነው፤ ጠቡ የሚደርስባቸውም ብዙውን ጊዜ እንጨት ለመልቀም የወጡት እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው።

በቦኖው ላይ ደንብ አውጪ መሆን እንችላለን። በዛፉ ላይ ግን ደንቡ የእነሱ ስለሆነ መጠየቅ የኛ ድርሻ ነው። የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚለቀመው የት እንደሆነ፣ የማይነካው የቱ እንደሆነ ቢስማሙ ይበጃል። እስከዚያው ማገዶ እንቆጥብ። ባቄላና አተር ከማታ ይዘፍዘፍ፤ ድስት ይከደን፤ ምድጃው ከነፋስ ይከለል፤ እንጨቱ ደርቆ ይፈለጥ። ሴት ልጅ ብቻዋን ለእንጨት አትላክ።

አዲስ ቃላት
ቦኖ፦ ሕዝብ በጋራ የሚቀዳበት የውሃ ቧንቧ።
ገሳ፦ ከሣር የተሠራ የዝናብ መከላከያ ልብስ።
ባለ ርስት፦ ከአባቶቹ የወረሰው መሬት ያለው ሰው።
ኤክዋር፦ የቱርካና ቤተሰብ በወንዝ ዳር ዛፎች ላይ ያለው መብት።

ጥያቄዎች
1. ሃርዲንና ኦስትሮም የተለያዩት በምን ላይ ነው?
2. የቄሮ ሥርዓት አንድ ጥንካሬና አንድ ጉድለት ጻፉ።
3. አንድ ቧንቧ በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ያፈሳል። 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ቢሆን በ24 ሰዓት ስንት ሊትር ይባክናል? (መልስ፦ 4.32 ሊትር)
4. ከወላጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩ፦ ከአራቱ ጥያቄዎች የሰፈራችሁ ቦኖ መልስ ያላገኘለት የትኛው ነው? መልሳችሁን በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ ወደ ክፍል አምጡ። የተሻሉት ለቦኖ ኮሚቴው ስብሰባ ይነበባሉ።