ድረ ገጽ የሚያሠራ ነጋዴ ምን መረከብ አለበት?

ሱቁን በኢንተርኔት ለመክፈት የሚፈልግ ነጋዴ ለባለሙያ በዋናነት የሚከፍለው የጉልበትና የእውቀት ዋጋ ነው። ዋናዎቹ የሥራ መሣሪያዎች በነጻ ይገኛሉና። ይሁንና ከፋዩ የገዛውን ነገር ምንነት ካላወቀ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ሊከፍል ይችላል።

ለመሆኑ ሥራው እንዴት ይጀመራል? ገዢው በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ የሚያየው ክፍል ፍሮንት ኢንድ ይባላል። ለምሳሌ ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ በለቀቀው ሪአክት የሚሠራ ፕሮጀክት እንውሰድ። ባለሙያው በመጀመሪያ ኖድ ጄኤስን ይጭናል፤ ኤንፒኤም የተባለው የጥቅል ማውረጃም አብሮ ይመጣል። ቀጥሎ «ኤንፒኤም ክሬት ቪት» ብሎ ሲያዝ የፕሮጀክቱ መነሻ ማኅደር ይዘጋጅለታል። ቀደም ሲል ለዚሁ ያገለግል የነበረው ክሬት ሪአክት አፕ ግን እ.ኤ.አ. በ2025 ለአዳዲስ ሥራዎች የማይመከር ሆኗል።

«ኤንፒኤም ኢንስቶል» ሌሎች ሠርተው ያቀረቧቸውን ጥቅሎች ያወርዳል። ሥራው በቀጥታ የሚፈልጋቸው ጥቅሎች ዝርዝር «ፓኬጅ ጄሰን» በተባለው ፋይል ሲሰፍር፣ የወረዱት ሁሉ ትክክለኛ የዕትም ቁጥር «ፓኬጅ ሎክ» በተባለው ይመዘገባል። ሁለቱ እንደ መጋዘን የዕቃ መዝገብ ናቸው። በሰው ዕቃ መሥራት አደጋም አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሌፍት ፓድ የተባለ 11 መስመር ብቻ ያለው ጥቅል በባለቤቱ ከመዝገቡ ሲነሳ በዓለም ዙሪያ በርካታ ሥራዎች ተስተጓጉለዋል።

«ኤንፒኤም ረን ዴቭ» ገጹን በባለሙያው ኮምፒዩተር ላይ ለሙከራ ይከፍታል፤ የተለወጠው ወዲያው ይታያል። ሥራው ሲያልቅ «ኤንፒኤም ረን ቢልድ» ሁሉን አጥብቦና ጨምቆ «ዲስት» በተባለ ማኅደር ያስቀምጣል። ለገዢው የሚቀርበው ይህ ነው።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ባለሙያ ዲስቱን ብቻ አስረክቦ ይሄዳል። ገጹ ይሠራልና ነጋዴው ቅር አይለውም። ከዓመት በኋላ አዲስ የዕቃ ዓይነት ወይም የክፍያ መንገድ መጨመር ሲፈልግ ግን ሌላው ባለሙያ «እንደገና ልሥራው» ይለዋል። የተጋገረ እንጀራ ተመልሶ ሊጥ አይሆንም።

ስለዚህ የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት፦

1. ምንጭ ኮዱን ከሁለቱ መዝገቦች ጋር ይረከቡ። ጥቅሎቹ ያሉበት «ኖድ ሞጁልስ» ግን ዳግም ስለሚወርድ አያስፈልግም።

2. የድረ ገጹ ስም፣ የማስቀመጫ ቦታውና የጊት አካውንቱ በድርጅትዎ ስም ይሁኑ።

3. የይለፍ ቃልም ሆነ የክፍያ ሚስጥራዊ ቁልፍ በፍሮንት ኢንዱ ውስጥ እንዳይገባ በውሉ ያስጽፉ፤ እዚያ ያለውን ማንኛውም ጎብኚ ሊያነበው ይችላልና።

4. ባለሙያው የተረከቡትን ኮድ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ፣ በፊትዎ፣ ከኢንስቶል እስከ ቢልድ ያሂደው። ገጹ ከተከፈተ ይክፈሉ፤ ካልተከፈተ ርክክቡ ገና አልተፈጸመም።