በሞቴ የሚልሽ የለም

እህቴ፣ ሊድስ ስትደርሺ የሚከብድሽ ብርዱ ይመስልሻል፤ እኔ ግን የምፈራልሽ ይሉኝታሽን ነው። እንግሊዝ ቤት አንድ ጊዜ ነው የሚጠይቁሽ። «ልጨምርልሽ?» ሲሉሽ እንደ እናታችን ቤት «ኧረ በቃኝ» ብለሽ ሁለተኛውን ልመና ከጠበቅሽ ሳህኑ ይነሳል። ንፉግ ሆነው አይደለም። ሰው አይ ካለ ቃሉን አምኖ መቀበል እነሱ ዘንድ አክብሮት ነው። ከራበሽ «አዎ፣ አመሰግናለሁ» በይ። ሥራ ቦታም አጠገብሽ ያለችው ልጅ «እንብላ» ሳትል ሳንድዊቿን ብትገምጥ አትቀየሚያት፤ ንቃሽ አይደለም።

ስለ ቁርሳቸው የሰማሽው፣ ያ እንቁላል፣ ቤከን፣ ቋሊማ፣ እንጉዳይ፣ ቲማቲምና በስጎ የተሠራ ቦሎቄ የሞላበት ሳህን፣ ለብዙዎቹ የቅዳሜና የእሑድ ወይም የሆቴል ምግብ ነው። ቤከኑ አሳማ ነው፣ ቋሊማውም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያው። ከጎኑ የሚቀመጠው ጥቁር ክብ ነገር ደግሞ ከአሳማ ደም የሚሠራ ነውና ሳታውቂ እንዳትነኪው። በሥራ ቀን የተጠበሰ ዳቦ ወይም ኮርንፍሌክስ ቀማምሰው ይወጣሉ። አንቺ አጃውን ልመጂ፤ በውሃ አፍልተሽ ስኳር ወይም ጨው ጣል ብታደርጊበት እስከ ምሳ ይይዝሻል።

ምሳቸው ያሳዝነኛል፤ ይህን ሳልነግርሽ አላልፍም። ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር የተባለው መደብር እ.ኤ.አ. በ1980 የታሸገ ሳንድዊች መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ሌሎቹም ተከትለውት፣ ዛሬ አገሩ በሙሉ ከሱፐርማርኬት ሳንድዊች፣ አንድ ከረጢት የድንች ጥብስና መጠጥ በአንድ ዋጋ ገዝቶ ኮምፒውተሩ ፊት ይበላል። አንቺ ከቤትሽ ቋጥረሽ ሂጂ፤ ከቻልሽም ከወንበርሽ ተነሺና ከሰው ጋር ብዪ።

ለጾም ግን አገሩ ይመችሻል። የታሸገ ምግብ ላይ ሰውነት ሊቆጣባቸው የሚችሉ 14 ነገሮች ጎላ ብለው እንዲጻፉ ሕግ ያስገድዳል፤ ወተትና እንቁላል ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ብስኩቱን ገልበጥ አድርገሽ ደመቅ ያሉትን ቃላት ፈልጊ። ዓሣም ከ14ቱ አንዱ ነው፤ ሥጋ ግን ስለሌለበት ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አንብቢ። የቆርቆሮ ቦሎቄ በተጠበሰ ዳቦ ላይ አድርገው ራት የሚበሉ ብዙ ናቸው፤ ቅቤውን ከተውሽው ጥሩ የጾም ምግብ ነው።

አርብ ማታ ፊሽ ኤንድ ቺፕስ፣ የተጠበሰ ዓሣና ድንች፣ እንብላ ይሉሻል። ምግቡ ለእነሱ ትልቅ ነገር ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሥጋው፣ ቅቤው፣ ስኳሩ ሁሉ በራሽን ሲታደል ይህ ግን ያለ ራሽን ይሸጥ ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትሽ ልተወው። የእኔ ማስጠንቀቂያ ስለ ድንቹ ነው፤ ሊድስ ባለችበት ዮርክሽር ውስጥ ብዙዎቹ ቤቶች የሚጠብሱት በከብት ሞራ ነው። «በምንድን ነው የምትጠብሱት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ቅመም ሲናፍቅሽ ወደ ካሪ ቤት ሂጂ። ብዙዎቹን የከፈቱት ከባንግላዴሽ፣ ከሲልሄት የመጡ ሰዎች ናቸው፤ እንግሊዞቹም ካሪን የራሳቸው አድርገውታል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሮቢን ኩክ እ.ኤ.አ. በ2001 ቺክን ቲካ ማሳላ የተባለውን የዶሮ ካሪ እውነተኛ ብሔራዊ ምግባችን ብለውታል። የምስር ወጣቸው የእኛን ያስታውስሻል፣ ግን በቅቤ ሊሆን ስለሚችል በዘይት እንዲሠሩልሽ ንገሪያቸው።

ሻይ ላይ ደግሞ አደራሽን። ሥራ ቦታ አንድ ሰው ለራሱ ብቻ ተነስቶ አያፈላም፤ በዙሪያው ያሉትን ሁሉ «ሻይ?» ብሎ ይጠይቃል፣ የማን በወተት፣ የማን በስኳር እንደሆነም ያስታውሳል። የሰው ሻይ እየጠጡ ተራን አለመወጣት ይታወቃል፣ ሰውም ይታዘባል። ቡና አፍልቶ ጎረቤት መጥራትን ለምደሽ ላደግሽው ላንቺ ይህ አይከብድሽም። እንግዳ ሰው ለመልመድ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም፤ በመጀመሪያው ሳምንትሽ አንቺው ተነስተሽ ጠይቂያቸው።

የእሑድ ምሳ ቢጠሩሽ እምቢ አትበይ። የሥራ ቀን ምግባቸው ቢያሳዝንሽ እንኳ እሑድ ቤተሰቡ ተሰብስቦ በምድጃ የተጠበሰ ሥጋ፣ ድንችና አትክልት ይበላል። ከጎኑ ከዱቄት፣ ከእንቁላልና ከወተት ተበጥብጦ የሚጋገረው ዮርክሽር ፑዲንግ አለ። ዱሮ ሥጋ ውድ ስለነበር ሆድ እንዲይዝ ከሥጋው በፊት በመረቅ ይቀርብ ነበር፤ ዛሬ አብሮ ይቀርባል። የበሬው ሥጋ መሀሉ ቀይ ሆኖ ከመጣና ካልወደድሽው ከዳር በኩል እንዲቆርጡልሽ ጠይቂ። የቀረበልሽን ጨርሺ፤ ሳህን ላይ ማስተረፍ በተለይ ትልልቆቹን ያስከፋቸዋል።

የማትበዪውን ግን ጥሪውን ስትቀበዪ ያኔውኑ ንገሪያቸው። «አሳማ አልበላም፣ አሁን ደግሞ ጾም ላይ ነኝ፣ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አልነካም» በያቸው። ማዕድ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ከሰሙ ይሳቀቃሉ፤ ከቀናት በፊት ካወቁ ድንቹን ለብቻ በዘይት ይጠብሱልሻል።