ሁለተኛው ምት

ሀ. ምንባብ

የሜዳ ቴኒስ በሁለት ወይም በአራት ተጫዋቾች መካከል፣ ከመሐል በተዘረጋ መረብ ወዲህና ወዲያ የሚካሄድ የኳስ ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ የሚጀመረው በሰርቪስ ነው። ሰርቪስ ማለት አንዱ ተጫዋች ከሜዳው ጫፍ ቆሞ፣ ኳሷን በእጁ ወደ ላይ ወርውሮ፣ ከመሬት ሳትደርስ በራኬት በመምታት ከመረቡ ማዶ በሰያፍ ወዳለው ክልል የሚሰድበት ምት ነው። ይህም ክልል ከመረቡ 6.40 ሜትር ርቆ በተሠመረ መሥመር ያበቃል። ሕጉ ለመቺው ሁለት ዕድል ይሰጠዋል። የመጀመሪያው ቢበላሽ ሁለተኛው አለ፤ ሁለተኛውም ቢበላሽ ግን ነጥቡ ለተቃራኒው ይሆናል። ይህ ድርብ ስሕተት ይባላል።

ከዚህም የተነሣ የተጫዋች ብርታት ይበልጥ የሚፈተነው በሁለተኛው ምት ነው። በመጀመሪያው ምት ያለውን ኀይል ሁሉ ቢሞክር የሚያጣው ነገር የለም። በሁለተኛው ጊዜ ግን ፍርሃት እጁን ይይዘዋል። ኳሷን አለስልሶ ቢመታት ተቃራኒው እንደ ልቡ ይመልሳታል፤ አጠንክሮ ቢመታት ደግሞ በመረቡ ትያዛለች ወይም ከመሥመሩ ታልፋለች። ከዚህ ጭንቅ ለመውጣት ከተፈለሰፉት ዘዴዎች ዋነኛው ኪክ ሰርቪስ የሚባለው የምት ዓይነት ነው።

ጭንቁ ታላላቅ ተጫዋቾችን እንኳ የሚያሸንፍ ለመሆኑ በ1993 (እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር) በእንግሊዝ አገር በዊምብልደን የተደረገው የሴቶች የፍጻሜ ግጥሚያ ምስክር ነው። የቼክ ሪፐብሊኳ ያና ኖቮትና ከጀርመኗ ሽቴፊ ግራፍ ጋር ተጋጥማ፣ በመጨረሻው ዙር 4 ለ1 ትመራ ነበር። በሚቀጥለው ጨዋታም 40 ለ30 ደርሳ ስለ ነበር፣ አንዲት ነጥብ ብቻ ብታገኝ 5 ለ1 ትሆን ነበር። ነገር ግን በዚያች ነጥብ ላይ ሁለቱም ምቶቿ ተበላሹ። ከዚያ በኋላ ግራፍ አምስት ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸንፋ ዙሩን 6 ለ4 ፈጸመች፤ ዋንጫውንም ወሰደች። ኖቮትና ልምምዷን ሳትተው ቀጥላ በዚያው ሜዳ ለዋንጫ የበቃችው ከአምስት ዓመት በኋላ በ1998 ነበር።

ኪክ ሰርቪስ ለዘመናችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1900 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የመጀመሪያው የዴቪስ ዋንጫ ውድድር ሲደረግ፣ ድዋይት ዴቪስና ሆልኮም ዋርድ የሚባሉት አሜሪካውያን በዚህ ዓይነት ምት የእንግሊዝን ተጫዋቾች ግራ አጋቧቸው። ኳሷ በአየር ላይ ሳለች ወደ አንድ ጎን ታጥፍና፣ መሬት ከነካች በኋላ ወደ ሌላው ጎን ትዘል ነበር። የአሜሪካ ቡድንም ውድድሩን 3 ለ0 አሸነፈ።

የዚህ ምት ምስጢር ሽክርክሪት ነው። ኳሷ ወደ ፊት እየተሽከረከረች ስትበር የላይኛው ጎኗ ከሚመጣባት አየር ጋር ይጋጫል፤ የታችኛው ጎኗ ግን አየሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ይዞራል። በዚህ ጊዜ ኳሷ አየሩን ወደ ላይ ትገፋዋለች፤ አየሩም በአጸፋው ኳሷን ወደ ታች ይገፋታል። የተመታች ኳስ በአየር ላይ እንደምትታጠፍ እንግሊዛዊው ሊቅ አይዛክ ኒውተን በ1672 ጽፏል። በ1852 ነገሩን በቤተ ሙከራ የመረመረው ጀርመናዊው ሄንሪክ ማግኑስ ስለ ነበር፣ ክሥተቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። እንግዲህ የምትሽከረከር ኳስ መረቡን ከፍ ብላ ከተሻገረች በኋላ ቁልቁል ትወርዳለች። መረቡን ከፍ ብላ በማለፏ አትያዝም፤ ቁልቁል በመውረዷም ከመሥመሩ አታልፍም። ሽክርክሪቷ በበረታ መጠንም መሬት ነክታ ስትነሣ ከፍ ብላ ትዘላለች።

ይሁን እንጂ አየሩ በሁሉም ስፍራ አንድ ዓይነት ክብደት የለውም። ለምሳሌ ከጎንደር ተነሥቶ በአይከልና በሸኸዲ አልፎ ወደ መተማ የሚወርደውን አቅጣጫ እንመልከት። ይህ መንገድ ከጠረፉ ማዶ በገላባትና በዶካ በኩል እስከ ሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ ይዘልቃል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ የገዳሪፍ ከፍታ 600 ሜትር ገደማ ነው። የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት ቢሰላ፣ በጎንደር ሙቀቱ 22 ዲግሪ በሆነ ቀን 0.92 ኪሎ ግራም፣ በገዳሪፍ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሆነ ቀን 1.05 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ሙቀት አየርን የሚያቀልል ቢሆንም የከፍታው ልዩነት ስለሚበልጥ፣ የገዳሪፍ አየር ከጎንደሩ ከመቶ 14 ያህል ይከብዳል።

ይህም ልዩነት በጨዋታ ላይ ይታያል። በጎንደር የተለማመደ ተጫዋች ወደ ቆላ ቢወርድ ኳሷ ካሰበው ቀድማ ትወርድበታለች። በገዳሪፍ የተለማመደው ደግሞ ወደ ደጋ ቢወጣ፣ በቆላ ከክልሉ ውስጥ ታርፍለት የነበረችው ኳስ መሥመሩን ታልፍበታለች። ስለዚህ ደገኛው በቆላ ኳሷን ከመረቡ በላይ ከፍ አድርጎ መስደድ፣ ቆለኛው በደጋ ሽክርክሪቷን ማብዛት ይኖርበታል። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ሕግም ከ1219 ሜትር በላይ በሚገኙ ሜዳዎች ለከፍታ የተዘጋጁ ልዩ ኳሶች እንዲያገለግሉ ይፈቅዳል።

ከመተማ ቆላ እስከ ገዳሪፍ የተዘረጋው ማሽላና ሰሊጥ አብቃይ ምድር በአብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ያለ ጽኑ መሠረት የተሠራ ሜዳ ስለሚዛባ ኳሷ በትክክል አትነጥርም። ይሁን እንጂ ሰርቪስ ከሌሎቹ ምቶች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ተጫዋቹ የሚመታት ኳስ ከእጁ የወጣች እንጂ ከተቃራኒው የመጣች ወይም ከመሬት የነጠረች አይደለችም። በመሆኑም ሜዳ ባይመችም ሰርቪስን መለማመድ ይቻላል።

አመታቱም እንደሚከተለው ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ተጫዋች ራኬቱን መጥረቢያ እንደሚይዝ ሰው ይይዛል። ጎኑን ወደ መረቡ አዙሮ ይቆማል። ኳሷንም ከራሱ በላይ፣ ጥቂት ወደ ግራ አድርጎ ይወረውራል። ጉልበቱን ያጥፍና ወደ ላይ እየተዘረጋ ኳሷን ከግራ ግርጌዋ ወደ ቀኝ ራስጌዋ ጠርጎ ይመታታል። ደረቱን ፈጥኖ ወደ መረቡ ካዞረ ግን ራኬቱ ኳሷን በቀጥታ ስለሚገፋት ሽክርክሪቱ ይጠፋል።

የምቱ ኀይል ከክንድ ብቻ አይመነጭም። የማሽላ ጠባቂ ከማማው ላይ ሆኖ ወፍ ለማባረር ጅራፍ ሲያጮኽ፣ ከእጀታው የተነሣው እንቅስቃሴ በገመዱ እየፈጠነ ሄዶ ከጫፉ ላይ ይጮኻል። ሰርቪስም እንዲሁ ነው። ኀይሉ ከእግር ተነሥቶ በወገብ፣ በትከሻና በክንድ አልፎ በመጨረሻ ከራኬቱ ጫፍ ይደርሳል። የደረቀ ጅራፍ እንደማይጮኽ ሁሉ፣ በፍርሃት የተገተረ ክንድም ኳሷን ሊያሽከረክራት አይችልም። ፈሪ ተጫዋች በሁለተኛው ምት የሚሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው። ክንዱን ሲያዘገይ ሽክርክሪቱ ይቀንሳል፤ ሽክርክሪቱ ሲቀንስም ኳሷን ወደ ታች የሚመልሳት ነገር አይኖርም።

ልምምዱ ደረጃ በደረጃ መሆን ይገባዋል። በመጀመሪያ ራኬት ሳይያዝ ኳሷን ሁልጊዜ ወደ አንድ ስፍራ መወርወር ይለመዳል። ቀጥሎ ተጫዋቹ ተንበርክኮ ይመታል፤ ተንበርክኮ ሳለ ኳሷን ወደ ላይ ካልጠረጋት መረቡን ልትሻገርለት አትችልምና። ከዚያም ከመረቡ አጠገብ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ወደ ሜዳው ጫፍ ያፈገፍጋል። ከ10 ምት 8ቱን በክልሉ ውስጥ ለማሳረፍ ሳይበቃ ፍጥነት መጨመር አይገባውም። ወገብን አብዝቶ ወደ ኋላ መለመጥ በተለይ የታዳጊዎችን አከርካሪ ስለሚጎዳ ምቶቹ በቍጥር ይወሰኑ። በቆላ አገር ደግሞ ልምምዱ በማለዳ ይደረግ፤ ውሃም አይጓደል።

በዚህ ዓይነት የተለማመደ ተጫዋች በሁለተኛው ምት ጊዜ ክንዱን አያዘገይም። ራኬቱን እንደ መጀመሪያው ምት አፍጥኖ ይሰነዝራል፤ ከፍጥነቱ የሚበዛው ግን ኳሷን ወደ ፊት ከመግፋት ይልቅ ለማሽከርከር ይውላል። የመሳሳት ሥጋት በሚበረታበት ሰዓት ክንዱን እንዲያምነው የሚያደርገው አስቀድሞ በብዙ ማለዳ የሠራው ሥራ ነው።

ለ. የቃላት ፍች

ሰያፍ — ቀጥ ያልሆነ፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚሄድ
አጸፋ — ለተደረገ ነገር የሚሰጥ ምላሽ
ዋልካ — ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር
ማማ — የእህል ጠባቂ የሚቀመጥበት ከፍ ያለ መደብ
መለመጥ — ሳይሰበሩ መታጠፍ

ሐ. ጥያቄዎች

1. ድርብ ስሕተት የሚባለው ምንድን ነው? ውጤቱስ?
2. የምትሽከረከር ኳስ መረቡን ከፍ ብላ ተሻግራ ሳለ ከመሥመሩ የማታልፈው ስለምንድን ነው?
3. ከገዳሪፍ ወደ ጎንደር የሄደ ተጫዋች ምን ችግር ይገጥመዋል? ምንስ ማድረግ ይኖርበታል?
4. የጅራፉ ምሳሌ በምንባቡ ውስጥ የገባው ምንን ለማስረዳት ነው?
5. «ፈሪ ተጫዋች በሁለተኛው ምት የሚሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው» የተባለውን በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።

መ. ሰዋስውና ድርሰት

1. «አንዲት ነጥብ ብቻ ብታገኝ 5 ለ1 ትሆን ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አጥኑ። በዚህ አኳኋን ያልተፈጸመን ነገር የሚያመለክቱ አምስት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ።
2. «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ከየትኛው አንቀጽ ጋር ይስማማል? ምክንያቱን ግለጹ።
3. በአካባቢያችሁ የሚዘወተር አንድ ጨዋታ ወይም ሥራ መርጣችሁ፣ አሠራሩን ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳ የሁለት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።