ቦቴ ከመጠራቱ በፊት

የፍሳሽ መስመር ባልደረሰባቸው የአዲስ አበባ ዳርቻ ሠፈሮች ባለቤቱ መጣጭ መኪና የሚጠራው ግቢው ሲሸት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዋጋ መከራከር አይቻልም።

ሴፕቲክ ታንክ ምንጊዜም ውሃ አለበት፤ ውሃ ስለታየ ሞላ አይባልም። የሚለካው ከሥር የረጋው ዝቃጭና ከላይ የሰፈፈው ቅባት ነው። ሁለቱ ተደምረው የጥልቀቱን ሲሶ ከያዙ ማስመጠጥ ይገባል። ነጭ ጨርቅ የተጠቀለለበት ረጅም እንጨት ወለሉ ድረስ ቢሰደድ የዝቃጩን ከፍታ ያሳያል።

ርዝመቱ 2፣ ስፋቱ 1.5፣ የውሃው ጥልቀት 1.5 ሜትር የሆነ ታንክ የሚይዘው 4.5 ሜትር ኩብ ነው። 8 ሜትር ኩብ የሚጭን ቦቴ ሁለተኛ ቢያጆ ከጠየቀ (ሹፌሩ ይቆጣ ይሆናል) ምክንያቱ ይጠየቅ፤ ምናልባት ግድግዳው ተሰንጥቆ የከርሰ ምድር ውሃ እያስገባ ይሆናል።

ስንጥቁን ለማየት ግን ማንም አይውረድ። ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ የወረደውንም፣ ሊያወጣው የተከተለውንም ይገድላል።