ስለ ጨዋታና ዛዛታ

ምስጋና ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። ከዚህ በኋላ፤

ወንድሜ ሆይ! የሰው ልብ በሥራ ብዛት እንደሚደክም፥ ዕረፍትና ደስታም እንደሚያስፈልገው እወቅ። ሃይማኖታችንም ይህን አልከለከለም። በዒድ ቀን ሐበሾች በመዲና መስጊድ ውስጥ በጦር ሲጫወቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አልከለከሏቸውም፤ እንዲያውም እናታችን ዓኢሻ እስኪበቃቸው ድረስ እንዲያዩ በልብሳቸው ጋርደውላቸው ቆሙ።

እንግዲህ ጉዳቱ ከወዴት ይመጣል? በአንድ የጁምዓ ቀን የኾነውን አስተውል። ነቢዩ ቆመው ኹጥባ በማሰማት ላይ ሳሉ የነጋዴዎች ቅፍለት እህል ጭኖ ወደ መዲና ገባ። የተፍሲር ሊቃውንት እንደሚተርኩት ዘመኑ የረኃብና የኑሮ ውድነት ዘመን ነበር፤ ቅፍለት ሲገባም ከበሮ ይመታ ነበር። ሰዎቹ ይህን በሰሙ ጊዜ እየተነሡ ወጡ። በጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ ሐዲስ እንደ ተነገረው ከነቢዩ ጋር የቀሩት 12 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ስለዚህም ነገር በሱረቱል ጁምዓ መጨረሻ፥ በ11ኛው አያህ፥ ተግሣጽ ወረደ።

የወጡት ሰዎች ከሓዲዎች አልነበሩም፤ እህል መሸመትም ኃጢአት አይደለም። ከዚያ በፊት ያለው አያህ እንኳ ሶላት ካበቃ በኋላ ለሲሳይ መሰማራትን ይፈቅዳል። ጥፋታቸው ጥቂት ጊዜ አለመታገሣቸው ነው። የተፈቀደው ነገር ያለ ጊዜው ጠራቸው፤ እነርሱም ነቢዩን እንደ ቆሙ ትተው ሄዱ።

ነጋዴ ወንድሜ ሆይ! አንተንም ከበሮው ሲጠራህ ቆሞ የሚቀረው ማን እንደ ኾነ ራስህን ጠይቅ። ሱቅህን ዘግተህ ወደ ጨዋታ ብትሄድ ቆሞ የሚቀረው አምኖ ያበደረህ ሰው ነው። እስከ እኩለ ሌሊት በወግ ብትቀመጥ ቆመው የሚቀሩት እራት አቅርባ የምትጠብቅህ ባለቤትህና የቀራውን የሚያዳምጠው ያጣ ልጅህ ናቸው፤ የሱብሒ ሶላትም ያመልጥሃል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ገንዘብ የተያዘበት ጨዋታ ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ በኳስ ግጥሚያ ላይ የሚደረገው ውርርድ ስሙ ተለወጠ እንጂ ያው ቁማር ነው። ሱረቱል ማኢዳህ ቁማር ጥላቻን እንደሚያመጣ፥ አላህን ከማስታወስና ከሶላትም እንደሚያግድ ያስተምራል። የተሸነፈው ኪሳራውን ለመመለስ ደግሞ ያሲዛል፤ ያሸነፈውም ያለ ላብ ያገኘውን ለማብዛት ያሲዛል። በመጨረሻ ሁለቱም የሚያሲዙት የልጆቻቸውን ቀለብ ነው።

ስለዚህ ለዕረፍትህ ጊዜ ወስንለት፤ ከሶላትህና ከአደራህ በኋላ አድርገው፤ ከቤተ ሰብህም ጋር ተደሰት። ከበሮው ቢመታም ገበያው ሶላቱ እስኪያልቅ አይሸሽም።

አላህ ቆመው ከቀሩት ጋር ከሚቆሙት ያድርገን። አሚን።