ምዕራፍ 7፦ የኮሪያ ተማሪ ከማን ጋር ይፎካከራል?

ስለ ኮሪያ ተማሪ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሣው ሱኑንግ የሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ነው። በየዓመቱ በኅዳር ወር፣ ሐሙስ ቀን ይሰጣል። የዚያን ዕለት መንገዱ ለተፈታኞች ክፍት እንዲሆን መሥሪያ ቤቶች ዘግይተው ሥራ ይጀምራሉ፤ የአክሲዮን ገበያው ሳይቀር አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይከፈታል። የረፈደበትን ተማሪ ፖሊስ በሞተር ሳይክል ያደርሰዋል። የእንግሊዝኛ የማዳመጥ ፈተና በሚሰጥበት ግማሽ ሰዓት ያህል ጊዜ ደግሞ አውሮፕላን አይነሣም፣ አያርፍም። ግማሽ ሚሊዮን ያህል ወጣት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ40 ጀምሮ እስከ ማምሻው ፈተና ላይ ይውላል።

ይህ ሁሉ ብዙ ተጽፎበታል። እምብዛም የማይወራው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያንን ፈተና ያለፈ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እፎይ ይላል? አይልም። ለምን እንደማይል በደንብ ማወቅ ያስፈልገናል፤ ምክንያቱም እኛ የኮሪያን ዕድገት አይተን «እንደነሱ እናጥና» ማለት ይቀናናል። እንደነሱ ማጥናት ግን ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሰውን ያሳድጋል፣ ሌላው ይሰብራል።

ኮሪያ ለትምህርት ያላት ጉጉት ትናንት የመጣ አይደለም። በንጉሥ ግዋንግጆንግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ958 የተጀመረው የመንግሥት ሹመት ፈተና እስከ 1894 ድረስ ዘልቋል። ከ900 ዓመት በላይ የአንድ ልጅ የፈተና ወረቀት የመላ ቤተሰቡን ዕጣ ሲወስን ኖሯል ማለት ነው። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን ኮሪያ በደረሱበት በ1951 የሶል ዩኒቨርሲቲዎች ከጦርነቱ ሸሽተው ቡሳን ከተማ ላይ በድንኳንና በጊዜያዊ መጠለያ ያስተምሩ ነበር። ጦርነት ላይ ያለ ሕዝብ ትምህርቱን አላቋረጠም። ከጦርነቱ በኋላም ገበሬው ያለ የሌለ በሬውን እየሸጠ ልጁን ኮሌጅ ሰደደ፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ በበሬ አጥንት የታነጹ ግንቦች ናቸው እስኪባል ድረስ። ልጁን ለማስተማር ከብቱን የሸጠ የኢትዮጵያ ገበሬ ይህን ታሪክ ማንም ሳያብራራለት ይረዳዋል።

የሚገርመው ግን ያኔ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ያን ያህል አስጨናቂ አልነበረም። መግባቱ ከባድ፣ መመረቁ ቀላል ነበር። የ1980ዎቹ ተማሪ ከክፍል ይልቅ ሰልፍ ላይ ይገኝ ነበር፤ በ1987 ወታደራዊው መንግሥት ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ እንዲመርጥ እንዲፈቅድ ካስገደዱት መካከል ግንባር ቀደሞቹ ተማሪዎች ናቸው። ያም ሆኖ ሲመረቁ ሥራ ነበራቸው። ኢኮኖሚው ያድጋል፣ ኩባንያዎች ሰው ይፈልጋሉ፤ በተለይ ከሶል ናሽናል፣ ከኮሪያ ወይም ከዮንሴ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው ብዙም አይቸገርም።

ይህን የለወጠው በ1997 መጨረሻ የመጣው የገንዘብ ቀውስ ነው። መንግሥት ከአይኤምኤፍ ብድር ለመጠየቅ ተገደደ፤ ስመ ጥር ኩባንያዎች ከሰሩ፤ እስከ ጡረታ ያደርሳል ተብሎ የታመነበት ሥራ በወራት ውስጥ ከእጅ ወጣ። የተረፉት ቀጣሪዎች መራጮች ሆኑ። በሌላ በኩል የምሩቁ ቁጥር ማደጉን ቀጠለ። ዛሬ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 34 ከሆኑት ኮሪያውያን መካከል ከአሥሩ ሰባቱ ያህል የከፍተኛ ትምህርት ያጠናቀቁ ናቸው። ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ልጅም ዲግሪ ባለበት ሀገር ዲግሪ ብቻውን የሥራ በር አይከፍትም። ስለዚህ ተማሪው ከዲግሪው በላይ «ስፔክ» የሚሉትን ማጠራቀም አለበት፦ ከፍ ያለ ውጤት፣ ቶይክ የተባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ነጥብ፣ የሙያ የምስክር ወረቀት፣ ኢንተርንሺፕ፣ ከተቻለም የውድድር ሽልማት። ይህ ሩጫ የሚጀምረው አራተኛ ዓመት ላይ አይደለም፤ ብዙዎቹ ገና ሁለተኛ ዓመት ሳይደርሱ ይገቡበታል።

ሴሚስተሩ 16 ሳምንት ገደማ ነው፤ አንዱ በፈረንጆች መጋቢት፣ ሌላው በመስከረም ይጀመራል። ውድድሩ ግን ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት፣ በኮርስ ምዝገባ ይከፈታል። ምዝገባው በኢንተርኔት ነው፤ ተፈላጊ የሆኑ ኮርሶች ሰዓቱ በሞላ በሰከንዶች ውስጥ ይሞላሉ። ለዚህ ሲባል ቤታቸው ኮምፒዩተር ያላቸው ልጆች ሳይቀሩ ፒሲ ባንግ ወደሚባሉት የጌም ቤቶች ይሄዳሉ፤ እዚያ መስመሩ ፈጣን ነውና። የዩኒቨርሲቲውን ሰርቨር ሰዓት በአንድ መስኮት ከፍተው፣ ጣታቸውን ማውሱ ላይ አድርገው፣ ሰከንዱን ይጠብቃሉ። አንድ ጠቅታ የዘገየ ልጅ የሚፈልገውን ኮርስ ለቀጣዩ ዓመት ያሳድራል።

ከዚያ ክፍል ይጀመራል። አቴንዳንስ ቀልድ የለውም፦ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከክፍለ ጊዜው አንድ አራተኛውን ወይም አንድ ሦስተኛውን የቀረ ተማሪ ፈተናውን ቢደፍንም ኤፍ ነው። የቤት ሥራው፣ ፕረዘንቴሽኑና «ቲምፕል» የሚሉት የቡድን ሥራ በየሳምንቱ ይከታተላል። ሚድና ፋይናል ሲደርስ የንባብ አዳራሾች ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ይሆናሉ። ወንበር የሚያዘው በማሽን ነው፤ ተማሪው ካርዱን ወይም ስልኩን አስነክቶ ቁጥር ያለው ወንበር ይቀበላል፣ የተፈቀደለት ሰዓት ከማለቁ በፊት ካላደሰ ወንበሩ ለሌላ ይሰጥበታል። እኩለ ሌሊት ገደማ የተማሪዎች ኅብረት አባላት ኪምባፕ የሚባለውን የሩዝ ጥቅልና ወተት በካርቶን ይዘው መጥተው ሲያድሉ ረጅም ሰልፍ ይሠራል። ወንበር ያጣው ደግሞ አንድ ቡና አዝዞ ካፌ ውስጥ እስኪዘጋ ያጠናል።

እስከዚህ ያለው ከባድ ቢሆንም ጤነኛ ነው ብዬ አምናለሁ። ቦታ ይዞ መቀመጥ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ መሥራት፣ አለመቅረት፤ ከኮሪያ ተማሪ መውሰድ ያለብን ይህንን ነው። የእኛ ካምፓስ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው አእምሮው አንሶት ሳይሆን ሚድ እስኪደርስ ድረስ ደብተሩን ባለመክፈቱ ነው። ከሴሚስተሩ መጀመሪያ ጀምሮ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓትና በተወሰነ ወንበር ላይ የተቀመጠ ተማሪ ሌሊቱን ሙሉ መሸምደድ አያስፈልገውም።

የሚሰብረው ክፍል የውጤት አሰጣጡ ነው። በአብዛኞቹ የኮሪያ ዩኒቨርሲቲዎች ውጤት የሚሰጠው ተማሪው ባወቀው ልክ ብቻ አይደለም፤ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ተነጻጽሮ፣ በኮታ ነው። የእኛ ልጆች «ፊክስድ» ከሚሉት ተቃራኒው ማለት ነው። ኮታው እንደ ዩኒቨርሲቲው ይለያያል። አርባ ተማሪ ባለበት ክፍል የኤ ድርሻ ከመቶ 30 ነው እንበል። አሥራ ሁለት ሰው ኤ ያገኛል። አሥራ ሦስተኛው ዘጠና ነጥብ ቢያመጣም፣ ትምህርቱን ጠንቅቆ ቢያውቅም፣ አሥራ ሁለተኛው በግማሽ ነጥብ ከበለጠው የሚሰጠው ቢ ነው። ያ ቢ በአማካይ ውጤቱ ላይ ያርፋል፤ አማካዩ የነፃ ትምህርት ዕድሉን ይነካል፤ የመንግሥት ድጋፍ ለማግኘት በአብዛኛው ከመቶ 80 ማምጣት ያስፈልጋልና።

እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ጓደኛ ምን ይሆናል? ለታመመ ልጅ ኖት ማዋስ ራስን መጉዳት ይመስላል። ከአንጋፋ ተማሪዎች የሚወረሱት የድሮ ፈተናዎች ለወዳጅ ብቻ በድብቅ ይተላለፋሉ፤ በክበብ ወይም በዝምድና መረቡ ውስጥ የሌለ ልጅ ከጅምሩ ወደ ኋላ ይቀራል። ወንዶቹ በአብዛኛው ከመጀመሪያው ወይም ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ለብሔራዊ ውትድርና ያቋርጣሉ፤ በምድር ጦር 18 ወር ነው። ሲመለሱ ቆፍጣና ሆነው ከታናናሾቻቸው ጋር ይቀመጣሉ፣ ለዚያችው ኮታ ይሻማሉ። በኮቪድ ዘመን፣ በ2020፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኮታውን ማላላታቸው አሠራሩ የተፈጥሮ ሕግ እንዳልሆነ አሳይቷል።

የዚህ አሠራር ጫፍ የታየው ዴጆን ከተማ በሚገኘው፣ የሀገሪቱ ምርጥ የሳይንስ ጭንቅላቶች በሚሰበሰቡበት በካይስት ነው። ተቋሙ በመንግሥት ወጪ ያስተምር ነበር። በኋላ አዲስ ደንብ ወጣ፦ አማካይ ውጤቱ ከ3.0 በታች የወረደ ተማሪ፣ በወረደው ልክ እየተሰላ ይከፍላል። በሁለተኛ ደረጃ ከክፍላቸው አንደኛ የነበሩ ልጆች ናቸው እዚያ የተሰበሰቡት፤ ሁሉም አንደኛ ሊሆኑ ደግሞ አይችሉም። በ2011 ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ አራት ተማሪዎች ሕይወታቸውን አጠፉ። ሀገሩ ደነገጠ፣ ደንቡም ተነሣ። የአንድ ሰው ሞት ብዙ ምክንያት ይኖረዋል፤ ሁሉንም በአንድ ደንብ ላይ መጫን አይገባም። ነገር ግን ለተቸገረ ልጅ እርዳታ እንደመስጠት የዕዳ ደረሰኝ የሚልክ ትምህርት ቤት ተሳስቷል፤ ይህን ለማለት አላመነታም።

ሌላው ጉዳት ድምፅ የለውም። ሊ ሄ-ጆንግ የተባለች የትምህርት ተመራማሪ በሶል ናሽናል ዩኒቨርሲቲ እጅግ ከፍተኛ ውጤት ያላቸውን 46 ተማሪዎች እንዴት እንደሚያጠኑ ጠይቃ በ2014 መጽሐፍ አሳትማለች። አብዛኞቹ መምህሩ የሚናገረውን ቃል በቃል፣ አንዲት ሳትቀር እንደሚጽፉ ነገሯት። ከዚያ ሌላ ጥያቄ አቀረበች፦ በጉዳዩ ላይ የራሳችሁ ሐሳብ ከመምህሩ የተሻለ ነው ብላችሁ ብታምኑ፣ ፈተና ላይ የቱን ትጽፋላችሁ? ከ46ቱ 41ዱ የራሳቸውን ትተው የመምህሩን እንደሚጽፉ መለሱ። እነዚህ የሀገሪቱ ቁንጮ ተማሪዎች ናቸው፤ ሰነፍ አይደሉም፣ ፈሪም አይደሉም። አንዲት ግማሽ ነጥብ ከአሥራ ሁለተኛነት ወደ አሥራ ሦስተኛነት በምታወርድበት ክፍል ውስጥ የራስን ሐሳብ መጻፍ ውድ ስለሆነ ነው።

ይህን ከልብ እንድታስቡበት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም መምህሩ ያለውን እንዳለ መልሶ መስጠት እኛም ዘንድ ያስመሰግናል። መምህራችሁ ያለውን ጻፉ፤ ፈተናውንም እለፉ። ግን ከእያንዳንዱ ትምህርት በኋላ ከኖቱ ግርጌ በራሳችሁ ቃል አንድ ጥያቄ ወይም አንድ የማትስማሙበትን ነጥብ አስፍሩ። ይህን ማንም አያርመውም፣ ነጥብም የለውም። ዓመት ሲሞላ ግን ያ ግርጌ ከላይ ካለው ኖት ይልቅ ይጠቅማችኋል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስም ሆነ የሥራ ቃለ መጠይቅ መልስ የሚገኘው ከዚያ ነው። ውጤታችሁንም ከዶርም ጓደኛችሁ ወረቀት ጋር ሳይሆን ካለፈው ወር የራሳችሁ ወረቀት ጋር አስተያዩት።

በየዓመቱ ከኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ የሚሄዱ ተማሪዎች አሉ፤ ጂኬኤስ በሚባለው የኮሪያ መንግሥት የነፃ ትምህርት ዕድል የሚሄዱት ከዋናው ትምህርት በፊት በተለምዶ አንድ ዓመት ኮሪያኛ ይማራሉ፣ ቶፒክ በተባለው የቋንቋ ፈተና ቢያንስ ደረጃ 3 ማምጣት ይጠበቅባቸዋል። ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልጨምር። ደረጃ 3 ገበያ ለመሄድና ሐኪም ለማነጋገር ይበቃል፤ ፈጥኖ የሚናገር ፕሮፌሰር ለመከታተል ግን አይበቃም፤ ስለዚህ የቋንቋውን ዓመት እንደ ዕረፍት አትቁጠሩት። ኮርስ ስትመርጡ አንጻራዊ ውጤት አለው ወይስ የለውም ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ኮርሶች በብዙ ቦታ ከኮታው ነፃ ናቸው። ለቡድን ሥራ ስትመደቡ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የትኛውን ክፍል እንደምትሠሩ ራሳችሁ ተናገሩ፤ ዝም ያለ ሰው የሰው ድካም የሚበላ ተደርጎ ይታያል፣ ያ ስም ደግሞ ቶሎ አይፋቅም። ዩኒቨርሲቲዎቹ ለተማሪ ነፃ የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ክፍል አላቸው፤ በአንዳንዶቹ በእንግሊዝኛ የሚያነጋግር ባለሙያ ይገኛል። ቢሮው የት እንደሆነና ስልኩን ገና ደህና ሳላችሁ፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።