በዓሉ ሲቀር ባጁ

አዳማ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነን። ልጅቷ የአያቷን የብስኩት ቆርቆሮ ታቅፋ መጥታለች። አዛውንቱ በረንዳው ላይ ነጭ ፎጣ ዘርግተዋል።

— አባባ፣ እናቴ «ይህን የደርግ ኮተት ጣይልኝ» ብላኝ ነበር። መጀመሪያ እርስዎ ይዩት ብዬ ነው።

— እንኳን አመጣሽው ልጄ። አንድ በአንድ አውጪና ፎጣው ላይ ደርድሪያቸው። እንዳይፋጩ ብቻ።

— ይሄ ቀዩ ሜዳሊያ ነው?

— ባጅ ነው። ኒሻንና ሜዳሊያ ለተሸላሚው ነው የሚሰጠው። በአርበኞች ሜዳሊያ ጥብጣብ ላይ የምታያቸው ትንንሽ የዘንባባ ዝንጣፊዎች እንኳ የአገልግሎት ዓመት ይቆጥራሉ። ባጅ ግን በዓል ሊያከብር የወጣ ሁሉ ደረቱ ላይ የሚሰካው ነው። የሁሉም ስለሆነ ደግሞ ማንም አይጠብቀውም፤ ቶሎ የሚጠፋውም ለዚህ ነው።

— እርስዎ መጀመሪያ ምኑን ያያሉ?

— ጀርባውን። ገልብጪው እስቲ። መርፌው ብረት ነው፣ ዝጓል። ባረፈበት ቦታ ነሐሱ ላይ ቡናማ መስመር ጥሏል፣ አየሽ? አሁን ፊቱን መልሺው። ቀዩ ኢናሜል ጫፉ ላይ ተሸርፏል፤ ኮት ላይ ሲሰካና ሲነቀል የኖረ ነው። ትናንት ተመሳስሎ የተሠራ እንዲህ ዓይነት እድሜ አይኖረውም።

— በሎሚ ልፈትገው?

— በፍጹም! እኔ በልጅነቴ አንድ የብር ሃምሳ ሳንቲም በአመድና በሎሚ ፈትጌ የንጉሡን የአፄ ኃይለ ሥላሴን ፊት አጥፍቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያውልሽ፣ ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ተርፏል፦ ፲፱፻፴፮። አንብቢው።

— አሥራ ዘጠኝ መቶ... ሠላሳ ስድስት። ጣልያን የገባበት ዓመት?

— ብዙ የውጭ ሰብሳቢም እዚህ ላይ ይሳሳታል። ጣልያን አዲስ አበባ የገባው በፈረንጆቹ 1936 ነው። ይህ የእኛ 1936 ነው፤ ንጉሡ ተመልሰው፣ አገሩ ነፃ ወጥቶ የወጣ ገንዘብ። ዘመን አቆጣጠሩን ሳታረጋግጪ ምንም አትመዝግቢ። የጃፓኖቹም እንዲሁ ነው፤ ባጃቸው ላይ «ሾዋ 15» ካለ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አሥራ አምስተኛ ዓመት ነው፣ በፈረንጆቹ 1940 ማለት ነው።

— ጃፓንም የበዓል ባጅ ነበራት?

— ሞልቶ! በዚያው በ1940 የመጀመሪያው ንጉሣቸው ጂሙ የነገሠበት 2600ኛ ዓመት ነው ብለው በታላቅ ድምቀት ሲያከብሩ ባጁ ብዙ ነበር። በጦርነቱ ተሸነፉ፤ የካቲት ላይ ይውል የነበረው የመንግሥታቸው ምሥረታ በዓል በፈረንጆቹ 1948 ተሻረ። በ1967 በሌላ ስም ተመለሰ። ሰብሳቢው ግን ባጁን በመካከሉ አልጣለም።

— የእኛስ?

— የእኛማ ጥቅምት 23፣ ንጉሡ በእኛ አቆጣጠር በ1923 ዘውድ የጫኑበት፣ ትልቅ በዓል ነበር፤ በ1948 ሃያ አምስተኛ ዓመቱ ሲከበር ሜዳሊያም ወጥቶለታል። አብዮቱ መጣና በዓሉ ቀረ። ተተኪው የአብዮቱ በዓል መስከረም 2 ሆነ፤ በ1977 አሥረኛ ዓመቱ ከኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ ጋር ተከበረ። በ1983 እሱም ቀረ። በየተራው ሰው የትናንቱን ቀበረ፣ አቀለጠ፣ ሽንት ቤት ጣለ። ወደ ሻሸመኔ ብትወርጂ ግን ራስ ተፈሪያኑ የንጉሡን ምስል ደረታቸው ላይ አድርገው ጥቅምት 23ንና ሐምሌ 16ን ዛሬም ሲያከብሩ ታገኛለሽ።

— እናቴ ግን የዚያን ዘመን ስም መስማት አትፈልግም።

— እውነት አላት፤ ደም የፈሰሰበት ዘመን ነው። ባጁን ማስቀመጥ ግን ደርግን ማወደስ አይደለም። የምንወደውን ብቻ ከሰበሰብን የልጅ ልጆቻችን እኛ የመረጥንላቸውን ታሪክ ብቻ ነው የሚያዩት። የንጉሡንም፣ የደርግንም፣ የዛሬውንም አንድ ላይ አስቀምጪ።

— አንድ ነጋዴ ለቱሪስት ልሽጥልሽ ብሎኛል።

— ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። አስቀድመሽ ጠይቂ። ደግሞስ ምን እንደምትሸጪ መቼ አወቅሽ? አያትሽ ይህን ሰክተው የት ነበር የቆሙት? ወደው ነው ወይስ ተገደው?

— እኔ አላውቅም። እናቴ ታውቅ ይሆናል።

— እንግዲያውስ ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ ጠይቂያት። እሷ ለምን እንደምትጠላውም ጨምረሽ ጻፊ። ወረቀቱን አጥፈሽ ከባጁ ጋር እዚሁ ቆርቆሮ ውስጥ አድርጊው።